የኮከቡ መንገደኛ ሬድዮ እና የተፈራ ተዝካር

የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ። መንገዱን፣ ብርዱንና ክርክሩን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ። የጻፍኩት አረርቲ ተቀምጣችሁ "ለመሆኑ አንኮበር ምን ይመስላል?" ለምትሉኝ ነው። እናንተ እንደሆናችሁ አትሄዱም። ጤፍና ሽምብራ የሞላበትን አገር ጥሎ ብርድ ሊሸምት የሚወጣ ከእኔ በቀር ማን አለ?

የሄድኩት ለተዝካር ነው። ተፈራ የሚባል የአንኮበር ሰው የንግድ ሸሪኬ ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት ከነጋዴዎች ጋር ወደ ቆላ ወርዶ ሳይመለስ ቀረ። ወባ ገደለው የሚል ወሬ መጣ፤ ሬሳም መቃብርም ግን ያየ የለም። ሚስቱ አስካለ ሰባት ዓመት ጠበቀች። ዘንድሮ ሽማግሌዎቹ "ነፍሱ ተንከራተተች፣ ተዝካሩ ይውጣ" ብለው ወጥረው ያዟት፤ እሺ አለች። ካላት ጥማድ በሬ አንዱን ልታርድ ነው። በአንድ በሬ እንደማይታረስ እናንተም ታውቃላችሁ።

ችግሩ፣ ተፈራ አልሞተም። ከሁለት ዓመት በፊት አሰብ ወደብ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሱቅ ከፍቷል፣ ወፍሯል፣ ሌላ ሚስት አግብቶ ልጅ ታቅፏል። ሻይ ጋበዘኝና "መኮንን፣ እኔን አላየኸኝም" አለኝ። "አላየሁህም" አልኩት። ሻዩንም ጠጣሁለት። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተነፈስኩም። እንግዲህ በጥቅምት ወር፣ ማክሰኞ ማለዳ፣ በሕይወት ያለ ሰው ተዝካር ልበላ ከቤቴ ወጣሁ።

ማክሰኞ

በሽምብራ ጆንያ ላይ ተቀምጬ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ገባሁ። መርካቶ ወርጄ መርፌ፣ ክር፣ መስተዋትና ሳሙና ገዛዛሁ። ከእነሱ ጋር ደግሞ አሥር መጽሐፍ። መጽሐፍ መሸጥ የጀመርኩት ሰው ወደ ሰማይ ወጣ ተብሎ በሬድዮ ከተነገረ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጨረቃና ስለ ኮከብ የተጻፈ ነገር ከሳሙና እኩል ይሸጣል። ይህቺ ቀጭን መጽሐፍ "የኮከቡ መንገደኛ" ትባላለች። በሸዋ ከተሞች ያላነበባት ወይም ስትነበብ ያልሰማ ጥቂት ነው።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ደምሴ የሚባል መሐንዲስ የሚበር የብረት ቤት ሠርቶ ወደ አንድ ኮከብ ይሄዳል። በሦስተኛው ምዕራፍ ከኮከቡ ላይ ሆኖ በሬድዮ በየማለዳው ከአለቆቹ ጋር ይነጋገራል። ከአምስተኛው ጀምሮ ግን ሚስቱ አልማዝ አንዲት ቃል ሳትሰማ ሰባት ዓመት ደጅ ደጁን ታያለች። በመጨረሻው ገጽ ደምሴ በሩን ያንኳኳል፣ አልማዝ ትከፍታለች፣ ይተቃቀፋሉ፣ አለቀ። ሬድዮው የት ገባ? ደራሲው አንዲት ነገር አልተናገረም። ሸዋን ሁሉ ሲያከራክር የከረመው ይህ ነው።

ረቡዕ

የደብረ ብርሃን አውቶቡስ ሹፌር ጌታነህ የድሮ ወዳጄ ነው፤ መሪውን ይዞ የሚያወራ፣ ሲያወራ ደግሞ ወደ ኋላ ዞሮ የሚያይ ሰው። ሰንዳፋን ሳናልፍ የሬድዮውን ነገር አነሣ። ነገሩ ቀላል ነው ይላል፤ የሬድዮው የባትሪ ድንጋይ አልቋል። ኮከብ ላይ ድንጋይ ከየት ይገዛል? እሱ ራሱ ለሬድዮው ድንጋይ የሚገዛው አዲስ አበባ ድረስ ወርዶ ነው። አንድ አስተማሪ መሳይ ከኋላ ሆኖ "ያን የብረት ቤት የሠራ መሐንዲስ ትርፍ ድንጋይ መያዝ እንዴት ይረሳል?" አለ። ጌታነህ ሊመልስለት ሲዞር ጎማው ፈነዳ።

ሼኖ አጠገብ ሁለት ሰዓት ያህል ቆምን። ጎማው እስኪቀየር ክርክሩ ሜዳ ላይ ቀጠለ። ንፋሱ ከሰው ጋር ጠብ ያለው ይመስላል። አንዲት ሴት የቅቤ እንስራዋን ታቅፋ ቆማለች፤ ቅቤው እንደ ድንጋይ ደርቋል። አረርቲ ቢሆን ባለቤቱን ትቶ በፈሰሰ ነበር። ሴትዮዋ መጽሐፉን አላነበበችም፤ ስትሰማ ቆይታ ግን አንድ ነገር ጠየቀች፤ "ለአለቆቹ ያወራ ነበር አይደል? አለቆቹስ ለሚስቱ ምነው አልነገሯት?" ይህ ለማናችንም አልታየንም ነበር። ጌታነህ ጎንበስ ብሎ ብሎን ማጥበቅ ጀመረ።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ፀሐይ አለች፣ ሙቀት ግን የለም። እዚያ አገር ፀሐይ ለመልክ ነው የምትወጣው። ያረፍኩበት አልቤርጎ ባለቤት ወይዘሮ ፅጌ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ አይተው ከራሳቸው አልጋ ላይ ዝተት ገፈው ሰጡኝ። ዝተት ማለት የመንዝ የሱፍ ብርድ ልብስ ነው፤ ክብደቱ በግዋን ከነነፍሷ የለበስክ ያህል ነው። "እርስዎስ?" ብላቸው "እኔ ለምጄዋለሁ፣ አንተ የቆላ ሰው ትሞትብኛለህ" አሉኝ። የጾም ሽሮ አቀረቡልኝ። አረርቲ እንደምንበላው ቀይ አይደለም፤ የባቄላ ነው፣ ግን ይሞቃል። እዚያ አገር ምግብ የሚመሰገነው በጣዕሙ ሳይሆን በሙቀቱ ነው።

ከጌታነህ ጋር እራት ላይ ሳለን የቴሌግራም ቤቱ ጸሐፊ አቶ ሰይፉ መጣ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ አረቄውን በትንሽ በትንሹ እየቀመሰ የጌታነህን ንግግር እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ በለሆሳስ፣ ድንጋዩ አላለቀም አለ። በስድስተኛው ምዕራፍ ደምሴ መብራቱን አብርቶ መጽሐፍ ያነባል፤ መብራቱ በዚያው ድንጋይ ነው የሚሠራው። መብራት ካለ ሬድዮም አለ። ጌታነህ ተናደደ፣ ጠረጴዛ መታ። ሰይፉ አልተቆጣም።

"አሥራ አንድ ዓመት መስኮት ላይ ተቀምጫለሁ" አለ። "ሽቦው የተበጠሰበት ቀን በጣት ይቆጠራል። መስኮቱ ጋ የማይመጣው ሰው ነው።"

ሁለቱ በአንድ ጠርሙስ አረቄ ተወራረዱ። መልእክተኛው እኔ ሆንኩ፤ አንኮበር የተከራካሪ አገር ስለሆነ ፍርዱን ከዚያ አምጣ ተባልኩ። እሺ አልኩ። አረቄዬን ግን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት፤ አሰብ የጠጣሁት ሻይ ትዝ ብሎኝ ነበር።

ሐሙስ

አንኮበር የሚሄድ የጭነት መኪና አገኘሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ጭጋጉ ከመሬት ተነሥቶ ዋጠን። ሹፌሩ ዐይኑን ጨፍኖ ቢነዳ ለውጥ አልነበረውም። አንድ ጭቃ ውስጥ ገባንና እዚያው ቀረን። አንድ ገበሬ በቅሎውን አከራየኝ። በቅሎዋ ግን ስምምነቱን አልሰማችም መሰለኝ፣ ወደ ቤቷ ዞረች። ሰውየው ከሰዓት በኋላ ሙሉ ከፊት እየሳበ፣ እኔም ከኋላ እየገፋሁ ሄድን። ተከራይቼ የገፋኋት በቅሎ እሷ ብቻ ናት። ሰውየው የሚጎተት ነገር በእጁ እያለ እንኳ ኪሱ ውስጥ የያዘውን ቆሎ ሳይሰስት አካፈለኝ።

አንኮበር ስገባ ጭጋጉ ገለጥ አለ። ከተማዋ በገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥላለች። ከታች አሊዩ አምባ፣ ከዚያም በታች ቆላው በጉም ተሸፍኖ እንደ ባሕር ተዘርግቷል። የተፈራ ቤት በዚያ አፋፍ ላይ ነው። ከደጃፉ ቆላው ወለል ብሎ ይታያል። አስካለ ሰባት ዓመት የቆመችበትን ቦታ አየሁት፤ ሣር አይበቅልበትም።

የተፈራ እናት እመት ዘነበች ውኃ አሙቀው እግሬን ሊያጥቡ ተቀመጡ። "ተዉ፣ እመት" አልኩ። "አልተውም" አሉኝ። "ከልጄ ጋር የተራመደ እግር ነው።" ጣቶቼን አንድ በአንድ አሹኝ። እኔም ጣሪያውን እያየሁ ቆየሁ። በአረርቲ እግር አጠባ ደስ ይለኛል፤ ያን ዕለት ግን ውኃው እንዲቀዘቅዝ ተመኘሁ።

አስካለ ሰላም ብላኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከስታለች። ስለ በሬው ማንም ሳይጠይቃት "መርገዝ የሚባለው በሬ ነው የሚታረደው፣ ጠንካራው ነው፤ ለሱ ደካማውን አልሰጥም" አለች።

ዓርብ

ግቢው ሲንጋጋ ዋለ። እንጀራው ይቆለላል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ ዳሱ ይጣላል። ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ሥራ ጨርሰው ዳሱ ሥር ተቀመጡ። መጽሐፎቼን ሳወጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ታሪኩን ያውቀዋል፤ አንድ መሪጌታ በየሰንበቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሲያነብላቸው ከርሟል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ መጽሐፉ ያለውን ሁሉ እንደ እውነተኛ ነገር ይዘውታል። ስለዚህ ክርክሩ እንደ ወግ አልተጀመረም። በአባቶች ሥርዓት፣ በ"በላ ልበልሃ" ተጀመረ። ችሎት ቆመ ማለት ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በሙግት የፈጁት ግራዝማች ወልዴ ዳኛ ሆኑ። ከሳሽ የተፈራ ታናሽ ወንድም ዘውዴ ሆነ። ለተከሳሹ ለደምሴ የሚቆም ሰው ሲጠፋ ግራዝማች በከዘራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። "መጽሐፉን ያመጣ ነጋዴ ይሟገትለት። ዕቃህ ጉድለት ካለበት አንተ ነህ ተጠያቂ።"

ሰው ሳቀ። አስካለ ትንሽ ራቅ ብላ ወንፊት ይዛ ዱቄት ትነፋ ነበር።

ዘውዴ ጋቢውን አጣፍቶ ተነሣ። "በላ ልበልሃ! በየማለዳው ለአለቆቹ ያወራ ምላስ ለሚስቱ ሲሆን ምነው ታሰረ? ሬድዮው ተሰብሮ ከሆነ የተሰበረበትን ገጽ አሳየኝ። ደህና ከሆነ ሰውየው ከሀዲ ነው፤ አልማዝም በሩን ልትከፍትለት አይገባትም!" ሁሉም አጨበጨበ።

እኔ ሥራዬ መሸጥ ነው። የያዝኩትን ዕቃ ጉድለቱን እያወቅኩ ማሞገስ እችልበታለሁ። ተነሣሁና ቀልድ ልጀምር አሰብኩ፤ አፌ ግን ሌላ መንገድ ያዘ።

"አልከዳትም" አልኩ። "በመጀመሪያው ቀን ነገ እነግራታለሁ አለ። በማግሥቱም ነገ አለ። ወር ሞላው። አሁን ቢናገር ለምን ዘገየህ ትለዋለች፤ ጥሩ ምክንያት እስካገኝ ልቆይ አለ። ዓመት ሲሆን ምክንያት የሚባል ነገር ከገበያ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ሞቷል ቢሉት ይቀልለዋል። ጠልቷት አይደለም። አፍሮ ነው። ስሟን ሲጠሩበት የሻይ ብርጭቆውን ያሽከረክራል እንጂ ቀና ብሎ አያይህም።"

ግራዝማች አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

"ሻይ?" አሉ። "ኮከቡ ላይ ሻይ ቤት አለ እንዴ? ይህ የትኛው ገጽ ላይ ነው ነጋዴው?"

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዘውዴ ረታ፣ ደምሴ ተፈረደበት፣ ሰው ተበተነ። ከሁሉ ያልሳቀች አስካለ ብቻ ነበረች። የወንፊቱ ድምፅ ቆሟል። ዱቄቱ በእጇ ላይ እንዳለ ታየኝ ነበር።

ቅዳሜ

ፀሐይ ስትወጣ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። አረርቲ ነጭ ሆኖ የሚያድር ጤፍ ብቻ ነው። ፊቴን ልታጠብ ከቤት ኋላ ስሄድ አስካለ በሬው አጠገብ ቆማለች። መርገዝ ትንፋሹ እየጨሰ ገለባ ይበላል። ካራዎቹ ተስለው ድንጋይ ላይ ተደርድረዋል።

"ጋሼ መኮንን" አለችኝ። "ሬድዮው ተሰብሮ ነው?"

ልዋሽ እችል ነበር። የለመድኩት ሥራ ነው።

"አልተሰበረም" አልኩ።

"ሻዩን የት ጠጣችሁ?"

"አሰብ።"

"ልጅ አለው?"

"አንድ። ሳየው ገና ይድህ ነበር።"

"መቼ ነው?"

"ሁለት ዓመት ሆነው።"

"ሁለት ዓመት" አለች። የበሬውን ግንባር እያሻሸች ቆየች። "አምና መጥተህ ወሬ አለ ወይ ስልህ የለም ብለኸኛል። ጫማህን ያወለቅኩልህ እኔ ነኝ።"

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሰደበችኝም። ስድቡ ይሻል ነበር።

"ለእናቱ እንዳትነግር" አለች። "ሞቶ ይሻላቸዋል።"

ሰው መሰብሰብ ሲጀምር፣ አራጆቹ እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ፣ አስካለ በሁሉም ፊት የበሬውን ገመድ ፈታች። "በሬዬ አይታረድም" አለች። ዘውዴ ያበደች መሰለው። ዱቄቱ ተፈጭቶ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ካህናቱ መንገድ ጀምረው? ምክንያቷን ጠየቃት። "አርሼ ማደር አለብኝ" አለች፤ ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣትም። አንዱ ስስት ነው አለ፣ አንዱ ሌላ ባል አስባለች አለ። ጆሮዋ እየሰማ ነው ያሉት። እመት ዘነበች ነጠላቸው ወድቆ መሬት ላይ ተቀመጡ። "ልጄን ነፈግሽው" አሏት። "ለነፍሱ የምትሆን አንዲት በሬ ነፈግሽው። አንቺም ቆመሽ ቅሪ።"

አስካለ ጎንበስ ብላ ነጠላቸውን አንሥታ ትከሻቸው ላይ አደረገችላቸው። እሳቸው መልሰው ጣሉት።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግራዝማች ወልዴ ከሰው መሀል ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ከድንጋዩ ላይ ካራቸውን አንሥተው ወደ አፎቱ ከተቱና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ክርክር የሚያውቅ ሰው መጥፎ ነው፤ ምስክርን ከጠበቃ ይለያል።

የቀረው ሰው በየበኩሉ ተበተነ። ድሆቹ ግን ከሩቅ መጥተዋልና አስካለ እንጀራውንና ጠላውን አወጣችላቸው። አንድ ሽማግሌ ለማኝ ሊመርቅ ተነሥቶ "ለማን ነፍስ እንበል እመቤቴ?" አላት።

"ነፍስ አትበሉ" አለች። "ለመንገደኛ ጸልዩ።"

እሑድ

ስሰናበት እመት ዘነበች ከአስካለ ጋር አይነጋገሩም ነበር። ከአንድ ምድጃ ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተው ይሞቃሉ። እመት ዘነበች ለመንገዴ በሶ ቋጠሩልኝ። ደግሞም አንድ ባዶ የጨርቅ ከረጢት ሰጡኝ። "አንተ አገር ለአገር ትዞራለህ" አሉኝ። "ቆላ ስትወርድ መቃብሩን ያየ ሰው ካገኘህ ከአፈሩ ትንሽ አምጣልኝ። ደካማ ነኝ፣ ብዙ አታቆየኝ።"

ከረጢቱን ተቀበልኩ። አስካለ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። ወደ ቆላው ጀርባዋን ሰጥታ ነበር የቆመችው። ጥማድ በሬዎቹ ከኋላዋ ጎን ለጎን ይግጣሉ።

ያን ቀን በቅሎ አልተከራየሁም፤ በእግሬ ሄጄ መኪና ያገኘሁት ከብዙ መንገድ በኋላ ነው። ወይዘሮ ፅጌ ያንኑ ዝተት ሰጡኝ። ከብርዱ አዳነኝ።

ሰኞ

ጠዋት ቴሌግራም ቤቱ ሲከፈት መስኮቱ ጋ ቆምኩ። አቶ ሰይፉ ፍርዱን ይዤ የመጣሁ መስሎት ፈገግ አለ። ወረቀት ስጠኝ አልኩት። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ "ለተፈራ፣ አሰብ። ተዝካርህ አልወጣም። እናትህ የመቃብርህን አፈር ትፈልጋለች። መኮንን።"

ሰይፉ በእርሳሱ ቃላቱን መቁጠር ጀመረ። መሀል ላይ እርሳሱ ቆመ። ከመጀመሪያው እንደገና አነበበው። ቀና ብሎ አየኝ።

"ሬድዮው ይሠራል ማለት ነው" አለ።

"ይሠራል" አልኩ።

ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም። እሱም የሙያው ሰው ነው። ውርርዱን እንዲተውልኝ ለመንኩት፤ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

አውቶቡሱ ላይ ጌታነህ ገና ሳልቀመጥ ነው የጠየቀኝ። አንኮበር ምን ፈረደ? ድንጋዩ አልቆ ነው ተባለ አልኩት። "ብዬ ነበር!" አለ፤ እስከ ሰንዳፋ ድረስ እያፏጨ ነዳ። ሼኖ ላይ ያቺ የቅቤ ሴት ተሳፍራ ነበር። መጽሐፉ እንዴት ሆነ ብላ አልጠየቀችኝም፤ አንድ ጊዜ ብቻ አየችኝና ወደ መስኮቱ ዞረች።

አረርቲ ስገባ ተዝካሩ እንዴት ነበር ብላችሁኛል። ጠላው ጥሩ ነበር አልኳችሁ። ዛሬ ይህን መጻፍ የቻልኩት እመት ዘነበች ስላረፉ ነው፤ መርገዝ ለእሳቸው ተዝካር ታረደ። ከአስካለ ጋር እስከ መጨረሻዋ ቀን አልታረቁም ይባላል። ባዶው ከረጢት ሱቄ ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ አንዳንዶቻችሁ ይሸጣል ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁኛል።

ከዚያ በኋላ በደብረ ብርሃን ባለፍኩ ቁጥር መስኮቱ ጋ እቆማለሁ። ሰይፉ መዝገቡን ገልጦ አሳይቶኛል፤ ቴሌግራሙ አሰብ ደርሷል፣ ተፈራ ራሱ ፈርሞ ተቀብሏል። መልስ ግን አልመጣም። ድንጋዩ አልቆ ይሆናል።